ሆድ አይፍጀው

በመዋዕለ ሕፃናቱ ጠዋት የሚጀመረው በመዝሙር አይደለም። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጡና በየተራቸው የከፋቸውን ይናገራሉ። ተናግሮ ለጨረሰ ይጨበጨብለታል። «ምንም አልከፋኝም» ያለ ልጅ አይቀጣም፤ ቅጣት ከቀረ ቆይቷል። መስኮቱ ሥር ባለችው ቢጫ ወንበር ላይ ተቀምጦ የከፋው ነገር እስኪታወሰው ይጠበቃል እንጂ። አብዛኛውን ጊዜ ቁርስ ሳይቀርብ ይታወሰዋል።

መምህርት ዘምዘም ይህን ክብ ስትመራ ዓመታት አልፈዋል። ያን ዕለት የመጀመሪያዋ ባለተራ ሱመያ ነበረች። ሱመያ ፊቷን ኮስተር አድርጋ «ድመታችን ሞተች» አለች። ልጆቹ አጨበጨቡ። ዘምዘም የሱመያን ቤት ታውቀዋለች፤ ከእሷ ቤት ወረድ ብሎ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ድመት ኖሯቸው አያውቅም። ድመቲቱ ደግሞ ባለፈው ሳምንትም ሞታ ነበር። ነገር ግን ቢጫዋ ወንበር ላይ የቆየ ልጅ ቁርሱ ይቀዘቅዝበታል፣ ሱመያ ደግሞ ቁርሷን የምትወድ ልጅ ናት። ዘምዘም ሳቋን ዋጥ አድርጋ «አይዞሽ የኔ እናት» አለቻት።

የትልልቆቹ ተራ ማታ ነው። ደሴ ውስጥ በየቤቱ በር ላይ ትንሽ መብራት አለች። የቤቱ ሰው ሁሉ ሆዱን አውጥቶ ከተናገረ አረንጓዴ ታበራለች፤ አንዱ እንኳ አምቆ የያዘው ነገር ካለ ቢጫ ትሆናለች። የሚሰማው አያ ሰሚ ነው። መንግሥት ያወጣለት ስም ረጅም ስለሆነ ማንም አይጠራበትም። ከሳሎኑ ግድግዳ የሚወጣው ድምፅ የአንድ ደግ የወሎ ሽማግሌ ድምፅ ነውና ሰዉ ራሱ አያ ሰሚ አለው፣ ስሙም በዚያው ጸና። ከእራት በኋላ እያንዳንዱ ሰው ብቻውን ፊቱ ይቀመጥና ይተነፍሳል። ጎረቤት ከጎረቤት ደረጃ ላይ ሲገናኝ «እንዴት አመሻችሁ» ማለት ቀርቷል፤ «ተነፈሳችሁ ወይ?» ነው ሰላምታው።

አያ ሰሚ ውሸት ያውቃል። ከዓይን ይሁን ከድምፅ፣ ወይስ ከላብ፣ ማንም አይጠይቅም፤ ያውቃል፣ በቃ። ለሕፃናት ብቻ ነው የሚያልፈው። የነገሩትንም ለብቻው አይይዘውም። ነገሩ የሚመለከተው ሰው ካለ ለዚያ ሰው ያደርስለታል፤ ቂም እንዳይቋጠር ነው ይባላል። አንድ ሰው ላይ መከራ መድረሱን ካወቀ ደግሞ ለባለመከራው ወዲያውኑ ይነግረዋል። ሰው ሐዘኑን ሳይዘገይ የማወቅ መብት አለው ይላል ሕጉ።

ሕጉን ያወጡት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ እውነቱን ለመናገር ከሆነ ይህም መነገር አለበት። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ደህና አምሽቶ ጠዋት በገዛ እጁ ሕይወቱን አጥፍቶ የሚገኘው ሰው በዝቶ ነበር። የዘምዘም አባት አንዱ ናቸው። በመጨረሻዋ ማታ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ለሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው ከረሜላ ይዘው ገብተው፣ እራት በልተው፣ ቀልድ እንኳ ቀልደው ነበር። ምን ከብዷቸው እንደነበር እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ዘምዘም ሕጉን አትጠላም። በዓመት አንድ ጊዜ የሕጉ መታሰቢያ ሲከበር መድረክ ላይ ወጥታ «አያ ሰሚ በአባቴ ዘመን በኖረ» የምትለው ከልቧ ነው።

አባ ሙሄ የመጡት በዚያው የሱመያ ድመት በሞተችበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። አባ ሙሄ የኑርዬ አጎት ናቸው፤ ኑርዬ የዘምዘም ታናሽ እህት የሩቅያ ባል ነው። ሽማግሌው የሚኖሩት ቆላ ወርደው ነው፤ እዚያ አያ ሰሚ ገና አልደረሰም። ቤቷ አልሄዱም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቋትና ወደ ሸዋ በር በሚወስደው መንገድ፣ በገመድ ወደ ጦሳ ተራራ የሚወጣው መኪና ጩኸት ከሚበረታበት ምሰሶ ሥር ወሰዷት። ምሰሶው ላይ በትልልቁ «ሆድ አይፍጀው» ተብሎ ተጽፏል። በከተማው ይህ ያልተጻፈበት ምሰሶ የለም።

«ሩቅያ እንዴት ናት ልጄ?» አሉ።

«ሆስፒታል ናት አባ። ግፊቷ ከፍ ብሎባት አስተኝተዋታል። ድንጋጤ እንዳያገኛት ብለውናል ሐኪሞቹ። አንድ ድንጋጤ ካገኛት እሷንም ልጁንም ልናጣ እንችላለን አሉ።»

«መውለጃዋ ደረሰ?»

«ወሯ ገብቷል።»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «እንግዲያ እስክትወልድ ነው» አሉ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል። ዘምዘም ያን ጊዜ ገባት። ምሰሶውን ተደገፈች።

ኑርዬ ከጓደኞቹ ጋር በረሃ ወርዶ ያለፈቃድ ወርቅ ሲቆፍር ጉድጓዱ ተደርምሶበት ነው የሞተው። ጓደኞቹ አውጥተው፣ አጥበው፣ ከፍነው፣ ሰግደውበት በዚያው ቀን ቀበሩት። ፈቃድ የሌለው ሥራ ስለሆነ መሞቱ የትም አልተመዘገበም። አያ ሰሚም አላወቀም።

«ባልነግርሽ ደስ ባለኝ» አሉ አባ ሙሄ። «ግን ሩቅያ ድምፁ ጠፋብኝ ብላ ሰው ልትልክ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ የምትልከውም ባንቺ በኩል ነው። ሰው ቆላ ከወረደ ይሰማል፤ የሰማውን ደግሞ ይዞ ከተማ ይገባል። አንቺ ያዢልኝ። ስትወልድ ሰብሰብ ብለን፣ ጎህ ሲቀድ እንደ ወጉ እናረዳታለን። እስከዚያ ለባልሽም ቢሆን እንዳትናገሪ።»

«አባ፣ እኔ እኮ የምኖረው ከተማ ነው። ማታ ማታ...»

«አውቃለሁ። ትችያለሽ ብዬ ነው አንቺን የመረጥኩ። ሆድ ይፍጀው ልጄ።»

ይህን ቃል ዘምዘም ከልጅነቷ ወዲህ በሰው አፍ ሰምታው አታውቅም። ዞር ብላ ሰው አለመኖሩን አየች።

ቤቷ እስክትደርስ ስትለማመድ ሄደች። «ኑርዬ» ስትል አፏ በራሱ ጊዜ «አላህ ይዘንለት» ይጨምራል። ደግማ ሞከረች፣ ያው ነው። የሞተን ሰው ስም ጠርቶ ዱዓ ሳያደርሱለት ማለፍ ለእሷ ሬሳ ተራምዶ እንደማለፍ ነው። ዱዓውን ካደረሰች ደግሞ መርዶው ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ሩቅያ እስክትወልድ ድረስ የኑርዬን ስም ጭራሽ ከአፏ ላታወጣው ወሰነች። ይህን ስትወስን ብልህ የሆነች መስሏት ነበር።

ቀጥላ የሱመያ ድመት ትዝ አለቻት። አያ ሰሚን መዋሸት አይቻልም፤ እውነተኛ ድመት መስጠት ግን ይቻላል። ሰው ሆኖ ሆዱ ውስጥ ብዙ ድመት የሌለው ማን አለ?

«አብሽሪ ልጄ» አለ አያ ሰሚ ያን ማታ። «ዛሬ ምን ከበደሽ?»

ዘምዘም የትምህርት ቤቱ ኃላፊ በሰው ፊት እንዴት እንዳመናጨቃት ነገረችው። እውነት ነበር፤ ሲያናድዳት የሰነበተ ነገር ነው። አያ ሰሚ ሰማ፣ አጽናና፣ መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። በማግስቱ ሆስፒታል ሄዳ ሩቅያን ጠየቀቻትና ማታውን ስለ ጀርባ ሕመሟ አወራች፤ አረንጓዴ። በሦስተኛው ማታ ልጅነቷን አነሳች። ከረሜላዋን፣ አባቷን፣ ያችን ማታ። እያለቀሰች ነበር።

«አብሽሪ» አለ አያ ሰሚ። «ይህን ብዙ ጊዜ ነግረሽኛል። አዲሱን ንገሪኝ።»

መብራቷ ቢጫ ሆነች።

ቢጫ መብራት የሚያመጣው ጣጣ የታወቀ ነው። አምቆ የያዘ ሰው ከልጆች ጋር አይውልም፤ ለልጆቹ ነፍስ አይበጅም ይባላል። ዘምዘም ጠዋት ከትምህርት ቤቱ በር ተመለሰች። ዘበኛው «ነገ ተንፍሰሽ ትመጫለሽ፣ አይዞሽ» ብሎ ሸኛት። ይህ ለመምህር ብቻ አይደለም። ከሕንፃው አንዲት አራስ ባለፈው ዓመት ቢጫዋ ሳምንት አልጠፋ ብላት ልጇን ወስደውባት ነበር። ልጁ ደህና ነው፣ ወፍሯል ይባላል። እናቲቱን ደረጃ ላይ የሚያገኟት ሰዎች እንደምትስቅ ይናገራሉ።

ሌላው ጣጣ ጎረቤት ነው። በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ ኮሪደሩ ላይ በርጩማ ሲጎተት ተሰማ። ጋሽ ይማምና እትዬ ዘውዴ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው በርጩማቸውን ይዘው። ድሮ ለቅሶ የሚደርሱት እንዲህ ነበር፤ አሁን የሚመጡት ቢጫ ለበራበት ቤት ነው። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ጋሽ ይማም ጡረታ የወጡ የአናጢዎች አለቃ ናቸው፣ የዘምዘምን ቁም ሳጥን በነፃ የጠገኑላት እሳቸው ናቸው። እትዬ ዘውዴ ደግሞ ዘምዘም ታማ በነበረ ጊዜ ሽንት ቤቷን ሳይቀር አጥባላታለች።

«ሽንብራ ቆሎ ይዤልሽ መጣሁ ዘምዬ» አለች እትዬ ዘውዴ በርጩማዋን ከሶፋው ትይዩ እያስቀመጠች። «እኛ አንቸኩልም።»

«ደህና ነኝ እኮ እትዬ ዘውዴ። ደክሞኝ ነው።»

«መብራቷ ደክሞኛል አላለችም» አሉ ጋሽ ይማም በፈገግታ። «የኔ ልጅ፣ ማናችንም ብንሆን ያልያዝነው አልነበረም። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ የወንድሜን መሬት ነገር ይዤ ልሞት ነበር። አሁን እዪኝ፣ እንቅልፌን እንዴት እንደምለጥጠው።»

ቆሎውን እየቆረጠሙ ተቀመጡ። ሌላ ወሬ አያወሩም፣ አይቆጡም፣ ዓይን ዓይኗን ያያሉ። የዘምዘም ባል እንድሪስ ከሥራ ገብቶ ሰላም ብሏቸው ጓዳ ገባ። እነሱ አሁንም አሉ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ዘምዘም ተነሥታ አያ ሰሚ ፊት ሄደች፤ እንግዶቹ እንደ ደንቡ ወደ ኮሪደሩ ወጡላት። የበለጠ የሚያምም ድመት ፈልጋ ሆዷን ዳበሰች፤ አገኘች።

«በሩቅያ እቀናለሁ» አለች። «እኔ ልጅ አልወለድኩም። እሷ ስታረግዝ እልል ያልኩት በአፌ ነው። ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ።»

እውነት ነበር። ለማንም ብላው አታውቅም። መብራቷ አረንጓዴ ሆነች፤ ኮሪደሩ ላይ ጭብጨባ ተሰማ፣ ጋሽ ይማምም ግንባሯን ስመዋት ሄዱ።

ጠዋት ሩቅያ ከሆስፒታል ደወለች። «እታለም» አለች፤ ድምጿ ቀጥኗል። «አያ ሰሚ ነገረኝ።»

ዘምዘም ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ሩቄ...»

«አልተቆጣሁም። አለመቆጣት እንዳለብኝ አስረድቶኛል። ብቻ ሆዴን ስትዳብሺልኝ የነበረው... ያኔም ቀንተሽ ነበር?»

«ያኔ አልቀናሁም። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ወላሂ።»

«እሺ» አለች ሩቅያ። ቀጥላ «ኑርዬ ወሬው የለም?» ብላ ጠየቀች። ዘምዘም ኔትወርክ ስለሌለበት ነው፣ ሲመቸው ይደውላል ብላ ስትመልስ ሰውየውን አንድም ጊዜ በስሙ አልጠራችውም። «ሰው አልላክሽም?» አለች ሩቅያ። «እልካለሁ» አለች ዘምዘም።

አንድ ድመት የሚያበላው ለጥቂት ቀን ነው። ቢጫዋ ተመለሰች፣ በርጩማዎቹም ተመለሱ፤ በዚህኛው ጊዜ ከላይኛው ፎቅ ሌሎች ሰዎች ተጨምረውባቸዋል። የሱመያ እናት እንኳ መጥታ ነበር። ሐኪሙ ደግሞ ሩቅያ አሁንም እንዳልተረጋጋች፣ ግፊቷ አልወርድ እንዳለ ነገራት። ዘምዘም ሳሎኗ መሃል፣ በዚያ ሁሉ አዛኝ ፊት ተከብባ፣ የቀራትን ፈለገች። ስለ እናቷ ተናገረች፤ ሟች ስለሆነች ከዱዓ ጋር። ስለ አክስቷ፣ ስለ ጓደኛዋ፣ በልጅነቷ ስለሰረቀችው ቀለበት ተናገረች። ልታነሳው የምትችለውን ዘመድ ሁሉ አነሳች ጣለች። አያ ሰሚ አብሽሪ ይላታል፤ መብራቷ ግን እንዳለች ናት።

በመጨረሻ እንድሪስን ሰጠችው።

«ባሌን ጥዬ ልሄድ ነበር» አለች። «ከስድስት ዓመት በፊት። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ፣ ኮምቦልቻ ቤት ተከራይቼ ነበር። የቀረሁት ወድጄው አይደለም፤ በዚያው ሳምንት ታመመ፣ የታመመ ሰው ጥሎ መሄድ አፈርኩ።»

«ጎበዝ» አለ አያ ሰሚ። «ይህ ከባድ ነበር።» መብራቷ አረንጓዴ ሆነች።

እንድሪስ ነገሩ የደረሰው ሥራ ቦታው ላይ ነው። የውሃ ቧንቧ ጠጋኝ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ነው የሰማው። ማታ ሲገባ እጁን ታጥቦ፣ ምግቡን በልቶ፣ ሳህኑን ራሱ አነሣ።

«ስድስት ዓመት» አለ።

«እንድሪስ፣ ያኔ እኮ...»

«ለግድግዳ ከምትነግሪው ለኔ ብትነግሪኝ ምን ነበር?» ጮክ አላለም። «ያኔ ብትነግሪኝ ምናልባት አስተካክለው ነበር። አሁን ምን ላድርገው?»

ዘምዘም ያላትን አንዲት መልስ ልትነግረው አትችልም፤ ቢሰማ እሱም ማታውን አያ ሰሚ ፊት መቀመጡ አይቀርም። እንድሪስ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳሎን ሶፋው ላይ መተኛት ጀመረ። እሱም ስለዚሁ እየተነፈሰ መብራቷ አረንጓዴ ሆና ቆየች።

ከዚያ ወዲህ አያ ሰሚ አጥብቆ መጠየቅ ተወ። ዘምዘም ትንሽ ትንሽ ነገር ታወራለታለች፤ እሱም «አብሽሪ» ይላታል፤ ያልቃል። ሐኪሙም ሩቅያ እየተረጋጋች ነው አላት። ዘምዘም ትምህርት ቤቷ ተመለሰች። ባሏን አጥታለች፣ እህቷም ስልክ ላይ ድምጿ ተለውጧል፣ ለጥያቄዋ «እሺ» እና «ደህና ነኝ» ብቻ ሆኗል መልሷ። ግን ሩቅያ በሕይወት አለች፣ ልጁም አለ። ዘምዘም ያተረፈችውንና የከሰረችውን አስባ፣ ብትጠየቅ እንደገና ያንኑ እንደምታደርግ ለራሷ ነገረች። ሩቅያ ኑርዬ የት ደረሰ ማለቷን መተዋን ልብ ብላ ነበር። ተስፋ ቆርጣ ይሆናል ብላ አለፈችው።

ሩቅያ ወንድ ልጅ ተገላገለች። በሰላም፣ ያለ ቀዶ ጥገና። ዘምዘም ወደ ቆላ መልእክት ሰደደች፣ አባ ሙሄም በማግስቱ ደረሱ። ሐኪሙ አሁን ምንም አያሰጋትም አለ። ጎህ ሳይቀድ ዘምዘም የጋሽ ይማምንና የእትዬ ዘውዴን በር አንኳክታ ነገረቻቸው። እትዬ ዘውዴ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ይህን ይዘሽ ነው ያ ሁሉ?» አለች። «እኛ እኮ... ውይ ዘምዬ!» አቀፈቻት። ጋሽ ይማም አንገታቸውን ደፉ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ በርጩማቸውን ትተው ተከተሏት። እንድሪስም ሰምቶ ሚስቱን ለረጅም ጊዜ አያትና ጋቢውን ለብሶ ተነሣ።

ሆስፒታል ሲደርሱ በመስኮቱ መንጋቱ ይታይ ነበር። እንዲህ ተሰብስቦ በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። እትዬ ዘውዴ ከበሩ ጀምሮ እንባዋ እየወረደ ነው፤ ጩኸቷን ጉሮሮዋ ላይ ይዛዋለች። ሩቅያ ትራስ ተደግፋ ልጇን እያጠባች ነበር። ከራስጌዋ በላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ናት፤ አያ ሰሚ ከዚህም ግድግዳ ያያል፣ ይሰማል። ወደ በሩ ቀና ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው። አባ ሙሄ «ልጄ...» ብለው ጀመሩ።

«ተቀመጡ አባ» አለች ሩቅያ። «አውቄያለሁ።»

ማንም አልተቀመጠም።

«አያ ሰሚ ነግሮኛል። ዘምዘም የእንድሪስን ነገር በተናገረች በማግስቱ።» ፊቷ የተረጋጋ ነው። ልጁን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረችው። «ዘምዘም ሁሉንም ሰው አንስታ አንድ ሰው ብቻ አላነሳችም አለኝ። ያንቺን ባል ስም አንዴም አልጠራችም፤ እህትሽ ደግሞ የሞተ ሰው ስም ስትጠራ ምን እንደምትል አውቃለሁ አለኝ። ከዚያ ቀስ በቀስ አስለመደኝ። ሐዘኔን በጊዜው አካፍያለሁ፤ ቀሎኛል። እናንተም አትጨነቁ።»

ይህን ስትል ከመጽሐፍ የምታነብ ትመስል ነበር። እትዬ ዘውዴ ይዛው የመጣችው ጩኸት የትም መሄጃ አጣ። ሐሳቧን ለመሰብሰብ ነጠላዋን አጠፈች፣ ዘረጋች። አባ ሙሄ ዱዓ አደረጉ፤ ሩቅያ አሚን አለች፣ ለማታውቀው ሰው ሞት እንደምትለው ዓይነት አሚን። ነርሷ ገብታ መብራቱን አይታ «ጎበዝ እናት» ብላ ወጣች።

ዘምዘም እግርጌ ቆማ ነበር። እህቷ በሕይወት መኖሯ፣ ልጁ ጤነኛ መሆኑ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስም ብሏታል። ግን ይቺ አልጋ ላይ ያለችው ሴት ኑርዬ ገና ሳያገባት መንገድ ላይ ካየችው ቀኑን ሙሉ ስትዘፍን የምትውለዋ ሩቅያ መሆኗን እርግጠኛ አልሆነችም። የከበዳትን ሁሉ ስታስወጣ ምን አብሮ እንደወጣ ማን ያውቃል? ሁሉም ሊወጡ ሲሉ ዘምዘም ግንባሯን ልትስማት ጎንበስ አለች።

ሩቅያ በአንድ እጇ አንገቷን ያዘቻት። ጥፍሯ እስኪወጋት አጥብቃ ያዘቻት። ከንፈሯ ጆሮዋን ነክቷል፤ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣው።

«ከላይ ከላዩን ነው የሰጠሁት» አለች። «ስለ ወጪው አለቀስኩለት፣ ስለ ኪራዩ፣ አባት ስለሌለው ልጅ አለቀስኩለት። እውነት ነው ሁሉም። ኑርዬን ግን አልሰጠሁም። ኑርዬ እዚህ ነው እታለም፣ እዚህ እሳት ሆኖ አለ። ካወቁ ልጄን ይወስዱብኛል። ሆድ ይፍጀው። ቤት ስገባ አብረን እናለቅሳለን።»

ለቀቀቻት። ፊቷ እንደቅድሙ ነበር። መብራቷ አረንጓዴ ናት።

ዘምዘም ቀኑን እንዴት እንደዋለች አታስታውስም። ፈርታ ነበር፤ ደስታም ነበራት፣ እህቷ ሙሉ ነበረች፣ አልጎደለችም። ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንድሪስ አጠገቧ ተቀምጦ በላ። «ስለኔ የነገርሽው እውነት ቢሆንም...» ብሎ ጀምሮ አልጨረሰውም፣ ግን እንጀራ ቆርሶ አጎረሳት።

ከእራት በኋላ አያ ሰሚ ፊት ተቀመጠች። አልፈራችም፤ የምትሰጠው ነገር አላት። ከሁሉም የበለጠ ድመት አላት።

«ኑርዬ» አለች፣ «አላህ ይዘንለት።» ያን ሁሉ ጊዜ ተዘግቶ የነበረው ስም ሲወጣ ሌላው ሁሉ ተከትሎት ወጣ። ሲስቅ ትከሻው እንዴት እንደሚነቃነቅ፣ ሰርጉ ላይ ጫማው ጠቦት እንዴት ባዶ እግሩን እንደጨፈረ፣ ወርቅ አግኝቶ ለሩቅያ ባለ ሰገነት ቤት ሊሠራላት እንዴት እንዳሰበ ተናገረች። አለቀሰች። እውነተኛ ለቅሶ ነበር፣ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ መለቀስ የነበረበት። ድምጿ እስኪዘጋ አለቀሰች።

«አብሽሪ ልጄ» አለ አያ ሰሚ። «አብሽሪ። እንዴት ያለ ሸክም ይዘሽ ኖረሻል። አሁን ቀለለሽ።»

«ቀለለኝ» አለች ዘምዘም። እውነቷን ነበር።

«ጎበዝ። አንዲት ነገር ብቻ ቀርታለች።» ድምፁ አልተለወጠም፤ ያው ደግ የሽማግሌ ድምፅ ነው። «ጠዋት ሩቅያ አንገትሽን ይዛ በጆሮሽ የነገረችሽ ምንድን ነው?»

ዘምዘም አፏን ከፈተች። ሆዷን ዳበሰች፣ እስከ ታች ድረስ ዳበሰች። አንድም ድመት አልቀረም።

አፏን መልሳ ገጠመች። በሩ ላይ ያለችው መብራት ስትለወጥ ከውስጥ አትታይም፤ ኮሪደሩ ላይ ላለ ሰው ግን ትታያለች። ብዙም አልቆየም፣ ከወዲያ ጫፍ በርጩማ ሲጎተት ተሰማ። ከዚያ ሌላ በርጩማ። ከደረጃው በኩል ሌላ። እንድሪስ ከጓዳ ወጥቶ ሚስቱን አያት፣ በሩን አየው፣ ቁልፉን በእጁ ያዘው። ምን እንደያዘች አልጠየቃትም።

በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ።

«ዘምዬ፣ እኛ ነን» አለች እትዬ ዘውዴ። ጠዋት ያለቀሰችበት ድምፅ ገና አልጠራላትም። «ክፈቺልን እንጂ። ቆሎም ይዘናል። አንቸኩልም።»